አፍንጫዬ የከዳኝ ክረምት

ሰኞ 3

ሐኪሙ አራት ትንንሽ ጠርሙሶች አስሸተተኝ። አንዱ ሎሚ፣ አንዱ ቅርንፉድ፣ አንዱ ጽጌረዳ፣ አንዱ ባሕር ዛፍ ነው አለ። ለእኔ አራቱም ውሃ ናቸው።

«ጉንፋኑ የማሽተት ነርቭዎን ጎድቶታል» አለኝ። «ሊመለስ ይችላል። ላይመለስም ይችላል። ጠዋትና ማታ የሚያውቋቸውን ሽታዎች እየመረጡ ያሽትቱ። ከቤት ወጣ ይበሉ፣ አትክልት ያለበት ቦታ ይሂዱ። ለመሆኑ ሥራዎ ምንድን ነው?»

«ቢሮ ነው የምሠራው» አልኩት። ምን ቆርጦኝ ነው ወጥ ቤት ነኝ የምለው! ማታ ለሚስቱ እያወራ ሲስቅብኝ ታየኝ።

የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው ሠራተኛ በሙሉ ምሳውን የሚበላው ከእኔ እጅ ነው። ደግሞ የምታወቀው ሳልቀምስ በማብሰል ነው። ክዳኑን ከፈት አድርጌ እንፋሎቱን አንዴ ሳብ ሳደርገው ሽንኩርቱ መብሰሉን፣ ምስሩ ከታች መያዙን፣ ጨው ማነሱን አውቃለሁ። ጨው አይሸትም ይሉኛል። ለእኔ ይሸት ነበር። ሙያውን ያስተማረችኝ አክስቴ ቀምሳ የምታበስል ሴት ከምሳ ሰዓት በፊት ምላሷ ይደነዝዛል ባይ ነበረች፤ እኔም በዚህ ስኮራ ኖርኩ። አሁን ክዳን ስከፍት ፊቴን የሚመታኝ ሙቀት ብቻ ነው።

ባለቤቴ ቴሌቪዥንና ሬዲዮ ጠጋኝ ነው። የሐኪሙን ነገር ስነግረው ችግሩ ወዲያው ገባው። «ሽቦው ላልቶ ነው እንጂ አልተበጠሰም» አለ።

ሥራ ቦታ ማንም አያውቅም። ማወቅም የለበትም። አፍንጫ የሌላት ወጥ ቤት ሰሃን አጣቢ ናት።

ረቡዕ 5

ቸኩያለሁ፣ አውቶቡስ እየጠበቅሁ ነው። ዛሬ ቀመስኩ። በሰው ፊት፣ በትልቁ ማንኪያ። ምላሴ ጨውና ስኳርን ይለያል፤ ሌላው ሁሉ ትኩስ ወረቀት ነው።

«ምነው ዛሬ ራበሽ እንዴ?» አለችኝ ዳቦ ጋጋሪዋ። እኩያዬ ናት፤ ከእኔ ጋር ለመቀለድ ፈቃድ አትጠይቅም።

«አዎ ራበኝ፣ ተይኝ» አልኳት። ሳቀች። ከዚያ ግን ከረዳቴ ጋር ተያዩ። ለምን ተያዩ?

እሑድ 9

ከከተማው ጫፍ፣ አውቶቡሱ ዞሮ ከሚመለስበት ማዶ፣ ጥብቅ ስፍራ አለ። ይህን ሁሉ ዓመት እዚህ ስኖር አንድ ቀን ረግጬው አላውቅም። ዛፍ ለማየት ትኬት የሚቆርጥ ሰው ቤቱ ዛፍ ጠፍቶበት ነው እያልኩ ስቀልድ ነበር። ዛሬ ባለቤቴ ትኬቱን ቆርጦ እጄን ይዞ አስገባኝ።

ደስ ይላል። ደስ እንደሚል ማንም አልነገረኝም። አንዱ ወገን እንዳለ የተተወ ዱር ነው። ሌላው ወገን የሕዝብ መናፈሻ ነው፤ ጠጠር የፈሰሰባቸው መንገዶች፣ ጽጌረዳ፣ የመስታወት ቤት፣ አግዳሚ ወንበር ላይ ጋዜጣ ዘርግተው የሚያንቀላፉ ጡረተኞች። ከመስታወት ቤቱ ጀርባ ወገብ ድረስ ከፍ ተደርገው የተሠሩ መደቦች አሉ። ዓይነ ስውራን ጎንበስ ሳይሉ እየዳሰሱ እንዲያሸቱ ነው። ላቬንደሩ፣ በሶብላው፣ ናናው፣ ሮዝመሪው ተራ በተራ ተተክሏል፤ ስሙም በነጠብጣብ ፊደል ተጽፏል።

ባለቤቴ ይህን ቦታ ያገኘው ደንበኞቹን ጠይቆ ነው። ሬዲዮ ሊያስጠግን የመጣውን ሁሉ «ለአፍንጫ የሚሆን ቦታ ታውቃለህ?» እያለ ሲጠይቅ እንደከረመ ዛሬ ነው የሰማሁት። አንጀቴን በላው።

ሻርፔን ዓይኔ ላይ አሰረው።

«ሰው ያየናል እኮ!»

«ይይ። መጀመሪያ ኃይል መግባቱን ነው የምናየው። ሳቢ!»

ሳብኩ። ቅጠል አፍንጫዬ ሥር አምጥቶ ያሻል። ምንም። ሌላ አመጣ። ምንም። አንዲት ሕፃን «እማዬ፣ ሴትዮዋ ምን አጥፍታ ነው?» ስትል ሰማሁ። ከሻርፑ ሥር ሳቅኩ፤ እሱ ግን አልሳቀም። ሻርፑን ሲፈታልኝ የሥራ ፊቱን አድርጎ ነበር፤ የተከፈተ ቴሌቪዥን ፊት ሲቀመጥ የሚያደርገውን።

ስንመለስ ጉልበቱን እያሻሸ «በሚቀጥለው እሑድ ደግሞ» አለ። እሑድ የእሱ የእንቅልፍ ቀን ነበር።

ማክሰኞ 11

ዛሬ ማታ ማዕድ ላይ መዳፉ ላይ ቁንዶ በርበሬ ነስንሶ መጣ። «አቧራ የያዘው ማገናኛ እፍ ይባላል። ካልሆነ በኃይል ይጠረጋል። ሳቢ።»

እንደ ሞኝ ሳብኩት። እራቱ እስኪቀዘቅዝ አነጠስኩ። እሱ ከእኔ ብሶ አነጠሰ፤ ጠረጴዛውን ተደግፎ፣ እንባው እየወረደ «አየሽ! አየሽ! ኃይል አለ ማለት ነው!» ይላል። ጎረቤታችን ግድግዳውን መታ። ከስንት ጊዜ በኋላ ሆዴን እስኪያመኝ ሳቅሁ።

ከሳቁ በኋላ ልብሱን ሳጥፍ ሸሚዙን አፍንጫዬ ላይ አደረግሁት። ጨርቅ ነው። ሃያ ስድስት ዓመት የማውቀው ሰው ሽታ የለውም።

ዓርብ 14

ደሜ ፈልቶ ነው የምጽፈው። ሰባሪዋ ዛሬ ሙሉ ድስት ወተት ደፋችብኝ!

ሰባሪዋ ማለት ረዳቴ ናት። ከመጣች ወዲህ ሁለት ሳህንና አንድ ማሰሮ ሰብራለች፤ በሆዴ ነው እንዲህ የምላት። ለሩዝ የሚሆነውን ወተት ራሴ ከማቀዝቀዣው አውጥቼ ድስት ውስጥ ገለበጥኩት። ገና እሳት ላይ አልጣድኩትም። መጣች፣ ድስቱ ላይ ጎንበስ አለች፣ ቀና ብላ ዳቦ ጋጋሪዋን አየቻት፣ ከዚያ ድስቱ ወለል ላይ ነው።

«ይቅርታ እትዬ፣ ከእጄ አመለጠኝ» አለች። ዓይኗ ግን የይቅርታ አልነበረም። ደግሞ ወለሉን ለማጽዳት ብላ መስኮቱን ሁሉ ቧ አድርጋ ከፈተችው፣ በዚህ ብርድ!

በሰው ፊት ጮህኩባት። አንገቷን ደፍታ ጠረገች። ዳቦ ጋጋሪዋ ከመቼ ወዲህ ነው ወለል የምታግዝ? እሷም አብራ ጠረገች።

ሩዙን በስኳርና በቀረፋ ሠራነው። ሠራተኛው ወደደው፤ አንዱ ሸማኔ እንዲያውም «ሰሞኑን ምግቡ ምን ነክቶት ነው እንዲህ የጣፈጠው?» ብሎ መጥቶ ጠየቀኝ። ደስ ሊለኝ ሲገባ ከፋኝ። ከሰሞኑ በፊትስ?

እሑድ 16

ዛሬ መናፈሻው ውስጥ ብዙ ሰው ነበር። ባለቤቴ ጉልበቱ አብጦ እያነከሰ ነው የመጣው፤ ይቅርብን፣ ቤት እንዋል ብለው እምቢ አለኝ። ሻርፑን አሰረ። ቅጠል አመጣ። ምንም። ሌላ አመጣ። ምንም። ድምፁ እያነሰ መጣ። «እስኪ ይቺን ብቻ» አለ በመጨረሻ። ቀረብ ሲያደርጋት የአፍንጫዬን ጫፍ እንደ መርፌ ወጋችኝ።

«ሮዝመሪ» አልኩ።

ሻርፑን ጎትቶ ፈታው፣ ጉልበቱንም ረስቶ ዘለለ። በሕዝብ ፊት አቀፈኝ። የእሱ እቅፍ የቤት ውስጥ ነገር ነው፤ ሰው ባለበት ትከሻዬን እንኳ አይነካም። ትኬት ቆራጯ ድረስ ሄዶ «ተሻላት!» አላት። እሷም ምን እንደተሻለኝ ሳታውቅ እንኳን ደስ አላችሁ አለች።

ምናልባት ሸትቶኝም ይሆናል። ወዲያው እኮ ነው የመጣልኝ።

ሰኞ 17

ቤት ሮዝመሪ አለ። ደረቅ ነው። አሸተትኩት። ምንም።

ደክሞኝ ይሆናል።

ባለቤቴ ለወንድሜ ደወለ፣ ለእህቱ ደወለ፣ ግድግዳውን ለመታው ጎረቤት ነገረ።

ረቡዕ 19

ጉድ ፈላ። የፋብሪካው ሥራ አስኪያጅ ሬዲዮ ሊያስጠግን የባለቤቴ ሱቅ ገብቷል!

«እትዬ፣ እንኳን ለዚህ አበቃዎት» አለኝ ዛሬ፣ ቢሮው አስጠርቶ። «ታመው እንደነበር እኮ አልነገሩንም። ባለቤትዎ ናቸው የነገሩኝ። አፍንጫዎ ሙሉ በሙሉ ተመለሰ አይደል?»

ጭንቅላቴ በራሱ ጊዜ ተነቀነቀ። ከላይ ወደ ታች።

«በጣም ጥሩ። በሚቀጥለው ወር የፋብሪካው ልደት ነው። ባለቤቶቹ ይመጣሉ፣ ገዢዎች ይመጣሉ። ከሆቴል ምግብ ልናዝዝ ነበር፤ አሁን ግን እርስዎ ካሉ ምን አስጨነቀን!»

ከቢሮው ስወጣ የት እንደምሄድ ጠፋኝ፣ ክር ማከማቻው ውስጥ ገብቼ ቆምኩ። እውነቱን ልነግረው ነበር እኮ። ግን ለእሱ ከነገርኩት ባለቤቴ ይሰማል። ያ ዝላይ ትዝ አለኝ። ያን ዝላይ እንዴት ነው ከሰው ላይ የምወስደው?

ቅዳሜ 22

ጓዳ ውስጥ ሆኜ ሰማሁ። ዳቦ ጋጋሪዋ «ዛሬ ተረኛዋ ማን ናት?» አለች። ሰባሪዋ «እኔ ነኝ፣ ትናንት አንቺ ነበርሽ» አለቻት። «ዘይቱን አየሽው?» «አይቼ ደብቄዋለሁ።»

ወለል የመጥረግ ተራ አወጡ መሰለኝ። ጥሩ ነው፣ እኔ ሳልነግራቸው። ዘይቱን ግን ለምን ይደብቁታል? ስርቆት እንዳይሆን ብቻ።

ደግሞ ሰባሪዋ ሰሞኑን ጥላዬ ሆናለች። ክዳን በከፈትኩ ቁጥር ጭንቅላቷ ከጭንቅላቴ ጎን ነው። «እትዬ፣ ጨው ላቀብልዎት?» «እትዬ፣ ምስሩን ላውርደው?» እኔ ያላሰብኩትን ነገር ታስባለች፤ እሱ ነው የሚያናድደኝ።

እሑድ 23

ራሴን አመመኝ ብዬ ከፈተናው አመለጥኩ። ባለቤቴ ጡረተኞቹ ጋ ሄዶ ስለ ሬዲዮ ሲያወራ እኔ መደቦቹ አጠገብ ተቀመጥኩ።

አንድ ነጭ ዘንግ የያዘ ማየት የተሳነው ሰውዬ መጣ። ጨጓራ ነው። «መደቡን ደግሞ አዛወሩት!» ይላል ለራሱ። «ባለፈው ወር እዚህ ጋ በሶብላ ነበር። ማን አለ እዚህ?»

«እኔ አለሁ» አልኩት።

«ይሄ ላቬንደር ነው። አበባው ግን ወጥቷል ወይ? ሲዳሰስ ይደቃል፣ እንዳልሰብረው ፈራሁ።»

ወጥቷል አልኩት። ቀለሙን ጠየቀኝ። ሐምራዊ ነው፣ ግን ከሥሩ ወደ ግራጫ ይሄዳል፣ በዝናቡ ደግሞ ተኝቷል አልኩት። ከዚያ እኔ ሳላስበው «ምን ምን ይላል?» ብዬ ጠየቅሁት።

«አፍንጫ የለሽም?»

«የለኝም።»

ለማያውቀው ሰውዬ፣ እንዲህ በቀላሉ። ለማንም ያላልኩትን።

አልገረመውም፤ አላዘነልኝም። «ሳሙና ሳሙና ይላል። ንጹሕ አንሶላ። ትንሽ ደግሞ መራራ ነገር አለበት፤ መድኃኒት ቤት» አለ። እንደዚህ እየተባባልን ስድስቱንም መደብ ዞርን፤ እኔ እያየሁለት፣ እሱ እያሸተተልኝ። ንጹሕ አንሶላ ሲል የእናቴ ቤት ከነልብስ ማስጫ ገመዱ ድቅን አለብኝ። አፍንጫዬ ምንም አላለም። ጭንቅላቴ ግን አስታወሰ።

ሐሙስ 27

ጽሕፈቴ አይነበብም።

ክብሪቱን ይዤ ነበር። ልጭር ነበር።

ሐሙስ፣ ማታ

ባለቤቴ ተኝቷል። በሥርዓት ልጻፈው።

ጠዋት ቀድሜ የገባሁት እኔ ነኝ። የማብሰያ ቤቱን በር ከፈትኩ፣ ሽርጤን አሰርኩ፣ ትልቁን ምድጃ ለመለኮስ ክብሪት አወጣሁ። ሰባሪዋ ከኋላዬ ስትሮጥ ሰማኋት። ምን ሆና ነው ብዬ ሳልዞር እጄን በጥፊ መታችኝ። የክብሪት ቀፎው በርሮ ሳህን ማጠቢያው ውስጥ ገባ። አንገትጌዬን ይዛ እየጎተተች ግቢ አወጣችኝ። እኔን! የማብሰያ ቤቱን አለቃ!

አፌን ልከፍትባት ስል ዳቦ ጋጋሪዋን አየኋት። ገና የግቢው በር ላይ ናት፤ ቦርሳዋን ጥላ «ጋዝ! ጋዝ ነው! ውጡ!» እያለች ትጮኻለች። እሷ በር ላይ ሆና የሸተታትን እኔ መሃሉ ቆሜ ክብሪት ልጭርበት ነበር።

የጋዙ ቱቦ ሌሊት ከመጋጠሚያው ላልቶ ኖሯል። ዘበኛው ዘጋው። ሥራ አስኪያጁ ሲመጣ ሰባሪዋ «በጊዜ ደረስንበት» ብላ ብቻ መለሰች። ስለ ክብሪቱ አላወራችም። እኔንም አላየችኝም። ምሳ ዘገየ እንጂ ደረሰ።

ቀኑን ሙሉ ወጥ ሳማስል አንድ በአንድ መጣብኝ። ያ ወተት። ያ ሁሉ የተከፈተ መስኮት። የተደበቀው ዘይት። ተራው። የወለል ተራ ነው አልኩ፣ እንዴት ያለሁ ደንቆሮ ነኝ! ሁሉም ያውቁ ነበር። ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ያውቁ ነበር። እኔን ላለማሳፈር ብላ ያቺ ልጅ በሰው ፊት ተሰድባልኛለች፤ እኔ ደግሞ ሰባሪዋ ብዬ ስም አወጣሁላት።

ማፈሬን ልተወው። እፍረት ይለመዳል። ዳቦ ጋጋሪዋ ሦስት ልጆች አሏት። ረዳቴ የምትጦራት እናት አለቻት። ሁሉም እዚያ ቤት ውስጥ ሊሆኑ ይችሉ ነበር፤ በአንዲት ቃል ምክንያት። ሮዝመሪ። አልሸተተኝም ነበር። ወጋኝ እንጂ አልሸተተኝም።

እሑድ 30

ነገርኩት።

ዝናቡ ሲበረታ መስታወት ቤት ገባን። ውስጡ ሙቅ ነው፤ ትልልቅ ቅጠል ያላቸው ነገሮች ጣሪያውን ይገፋሉ፣ ጠብታው መስታወቱን ይደበድባል። ሻርፔን ከአንገቴ ሊፈታ እጁን ሲሰድ ያዝኩት።

«ያን ቀን አልሸተተኝም» አልኩት።

«የቱን ቀን?»

«ሮዝመሪውን።»

አየኝ። እጁን ቀስ ብሎ መለሰ። ስለ ጋዙም፣ ስለ ክብሪቱም፣ ስለ ወተቱም ሁሉንም ዘረገፍኩለት። ክብሪቱ ላይ ስደርስ ወንበሩን ይዞ ተቀመጠ። ከሚጮህ ሰው ጋር መኖር እችላለሁ፤ የእሱን ዝምታ ነው የማልችለው።

«ለሰው ሁሉ ነገርኩ» አለ በመጨረሻ። «እንደ ልጅ ዘለልኩ። ትኬት ቆራጯ ባየችኝ ቁጥር እንኳን ደስ አለህ ትለኛለች።»

«አውቃለሁ።»

«ለምን?»

«ስላነከስክ» አልኩት። «ጉልበትህ አብጦ መጥተህ ድምፅህ እያነሰ ሲሄድ አላስቻለኝም።»

ዝናቡን አየ። እንባውን ይሁን ላቡን ጠረገ። ከዚያ ፊቱ ትንሽ ተለወጠ፤ የሥራ ፊቱ መጣ። «ቆይ» አለ፣ «ታዲያ ሮዝመሪ መሆኑን በምን አወቅሽ?»

«ወጋኝ።»

«አፍንጫሽን?»

«እንደ መርፌ።»

መጀመሪያ በአፍንጫው ሳቀ። ከዚያ ቅጠሎቹ እስኪነቃነቁ ድረስ ሳቀ። «ስቴሪዮ ነሽ እኮ! አንዱ ድምፅ ማጉያ ቢቃጠል በሌላው ትሠሪያለሽ!» አለ። እኔ ሳለቅስ እሱ ሲስቅ አትክልተኛው መጥቶ ደህና ናችሁ ወይ አለን።

ሲወጣ ግን እጄን አልያዘም። አውቶቡስ ውስጥ ነው የያዘኝ፣ ግማሽ መንገድ ከሄድን በኋላ። «ለሥራ አስኪያጁ አንቺ ነሽ የምትነግሪው» አለኝ። «እኔ አፌን ጨርሻለሁ።»

ሰኞ 1

ጠዋት ሽርጥ ሳላደርግ ሁሉንም ሰበሰብኳቸው። «አፍንጫዬ አይሠራም» አልኩ።

ማንም አልተገረመም። ዳቦ ጋጋሪዋ «ተመስገን፣ ልትነግሪን ነው!» አለች። «እኔ እኮ ደክሞኛል። ከዳቦው ወደ ድስትሽ፣ ከድስትሽ ወደ ዳቦው!»

ረዳቴን ነጥዬ ይቅርታ ጠየቅኋት። ስለ ጩኸቱም፣ በሆዴ ስለምጠራት ስምም። ስሙን ስትሰማ አፏን በሽርጧ ሸፈነች። «ሳህኖቹን ግን እውነትም ሰብሬያለሁ እትዬ። ወተቱን ብቻ ነው አውቄ የደፋሁት። እንኳን ሩዝ፣ ድመት አትጠጣውም ነበር!»

አብራኝ ሥራ አስኪያጁ ቢሮ ገባች፤ ጠርቻት አይደለም። ነገርኩት። ክብሪቱንም ነገርኩት። ፊቱ አመድ ሆነ። «ታዲያ ግብዣው ይቅር፤ እርስዎም ለጊዜው ከምድጃ ይራቁ፣ ሌላ ሥራ...» ማለት ሲጀምር ሰሃን ማጠቢያው ታየኝ።

«አፍንጫው እኔ ጋ አለ» አለች ረዳቴ። ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ስትናገር ሰምቼ አላውቅም። «ሙያው እሳቸው ጋ ነው። እስከዛሬም እንደዚያ ነው የበላችሁት። ሆዱን የታመመ ሰው አለ?»

ብዙ አሰበ። «ጋዙን ግን እሳቸው አይነኩም» አለ። «ማንም ሳያሸት እሳት አይለኮስም። የግብዣውን ነገር አይቼ እወስናለሁ።»

ከምድጃ አልራቅሁም። ዛሬ ቆሜ አበሰልኩ።

ረቡዕ 3

ረዳቴ አፍንጫ አላት፣ ቃል የላትም።

«ምን ሸተተሽ?»

«ጥሩ።»

«ጥሩ ሽታ አይደለም! ሽንኩርቱ ገና ዓይን ዓይን ይላል ወይስ ወደ ማር ሄዷል?»

ዓይኗን ጨፍና ትስባለች። «ማር ሳይሆን... የተቀቀለ ካሮት ይመስላል።»

«ጥሬ ነው ማለት ነው። ይቆይ።»

ወደ ቀትር ግድም ለመደችው። ሩዙን «ገላዋን የታጠበች ሕፃን ጸጉር» አለችው፤ በትክክል ገባኝ። ሊያርር የተቃረበውን ምስር «አዲስ ጫማ» አለችው፤ ሮጬ አወረድኩት። አክስቴ ለእኔ ይህን አላስተማረችኝም፤ ዝም ብለሽ ሳቢ ነበር የምትለው። እኔም ረዳት ሁሉ አጠገቤ ሲቆም ዝም ብዬ ስስብ ኖርኩ። ስንቱ ሳይማር ሄደ።

ማክሰኞ 9

ግብዣው ለእኛ ተሰጠ። ሥራ አስኪያጁ ሳይነግረን ሦስት ቀን ተራ ሠራተኛ መስሎ መጥቶ ሲበላ ነበር፣ ማን እንዳያውቀው እንደሆነ እንጃ፣ በዚያ ክራባቱ።

ጠዋትና ማታ አሸታለሁ። ሎሚ። ቅርንፉድ። ምንም። ባለቤቴ ጠዋት ጠዋት እየቆረጠ ያቀርብልኛል። አይጠይቀኝም። እኔም አልዋሸውም።

ዓርብ 12

አለፈ! እግሬን ውሃ ውስጥ ነክሬ ነው የምጽፈው።

ሾርባው አልቆ ተጨመረ። ሥጋው ደህና ነበር። ሩዙ የሕፃን ጸጉር ነበር። ዳቦው ብቻ አረረ፤ ዳቦ ጋጋሪዋ የእኔን ድስት ስታሸት የራሷን ምድጃ ረሳችው። ስትሰድበን ዋለች። የፋብሪካው ባለቤት ወጥ ቤቷን ጥሩልኝ ሲሉ ረዳቴን በክንዷ ጎትቼ ይዣት ወጣሁ፤ ሁለት ነን አልኳቸው። ማን ምን እንደሠራ ሥራ አስኪያጁ ሊያስረዳቸው ሲሞክር ግራ ገባቸውና ለሁለታችንም አጨበጨቡ።

ዛሬ አንድ ነገር ልጻፍ። አፍንጫዬ ላይመለስ ይችላል። ሐኪሙ ያኔ ብሎኛል፤ እኔ ግን ዛሬ ነው የሰማሁት። ባይመለስም ወጥ ቤት ነኝ። የባለቤቴን ሸሚዝ ግን... እሱን ማንም ቃል ሰጥቶ አያስሸትተኝም።

እሑድ 14

ሥራ አስኪያጁ ለማብሰያ ቤቱ ሠራተኛ በሙሉ የጥብቅ ስፍራውን ትኬት ገዛልን። ረዳቴ እናቷን ይዛ መጣች። ዳቦ ጋጋሪዋ ሦስቱን ልጆች። ባለቤቴ አስጎብኚ ሆነ፤ አበባውን ሁሉ ስሙን እያጠፋ ይነግራቸዋል።

ሻርፕ አልታሰረም። መደቦቹን አልፈናቸው ዛሬ ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ ዱሩ ወገን ሄድን። ዝናቡ ቆሟል። ረግረጉ ላይ የእንጨት መተላለፊያ ተሠርቷል፤ በግራና በቀኝ ቄጠማ፣ ከቄጠማው መሃል ዳክዬ ከነልጆቿ። ልጆቹ ቀድመው ይሮጣሉ። ዳቦ ጋጋሪዋ ጫማዬ እያለች ከኋላ ታጉረመርማለች። እኔ ለረዳቴ እናት ስለ ግብዣው እያወራሁ ነበር፤ ልጅዎ ባትኖር ኖሮ እያልኩ።

መታጠፊያው ጋ ሠራተኞች ቦዩን እየጠረጉ ነው። ጭቃውን እየዛቁ ዳር ላይ ከምረውታል፤ ጥቁር፣ የሚያብለጨልጭ። ልጆቹ «ኡፍ!» ብለው ወደኋላ ተመለሱ። ረዳቴ ፊቷን በክንዷ ሸፈነች።

«ኤጭ! ምን ሞቶ ነው?» አልኩና ወሬዬን ቀጠልኩ።

የረዳቴ እናት ትሰማኝ ነበር። ሌላው ሁሉ ግን ቆሟል። ረዳቴ ክንዷን ከፊቷ አውርዳ ታየኛለች። ዳቦ ጋጋሪዋ አፏ ተከፍቷል። ባለቤቴ ከፊት ዞሮ መጣ፤ እንጨቱ ሲንቋቋ ይሰማኛል። የሚያየው እጄን ነው። እኔም አየሁት። እጄ አፍንጫዬን ይዟል።

«ምን አልሽ?» አለኝ።

እጄን ማንሳት ፈራሁ። ባነሳው ሽታው የሚጠፋ መሰለኝ። ቀስ ብዬ አነሳሁት።

ስስ ነበር፤ ከሩቅ እንደሚሰማ ሬዲዮ። ግን ነበር። የተበላሸ እንቁላል። የበሰበሰ ቅጠል። ከሥሩ ደግሞ ብረት ብረት የሚል ነገር።

«የተበላሸ እንቁላል» አልኩት። «አልዋሸሁህም። በእናቴ ስም አልዋሸሁህም።»

«ምንም አልነካሽም» አለ ባለቤቴ። ድምፁ ተሰነጠቀ። «አይቻለሁ። ምንም አልወጋሽም።»

ዳቦ ጋጋሪዋ ጮሃ አለቀሰች። ረዳቴ እየሳቀች ወገቤን ያዘችኝ፣ የምወድቅ መስሏት። እኔ አልወድቅም ነበር። የመተላለፊያውን አጥር ተደግፌ ደጋግሜ ሳብኩ፣ ጠረኑ አንዴ ሲመጣ አንዴ ሲሄድ፣ እንባዬ በአገጬ እየወረደ። ባለቤቴም ከጎኔ ተደግፎ አብሮኝ ሳበ፤ እሱ ምን አስገደደው? ሌላው ጎብኚ አፍንጫውን ይዞ እየሮጠ ያልፈናል።

ጭቃው ውስጥ እስከ ጉልበቱ የቆመው ሠራተኛ አካፋውን ተደግፎ ገርሞት አየን።

«እናንተ ሰዎች፣ እለፉ እንጂ! ይሸታል እኮ!»

«አዎ!» አልኩት። «ይሸታል!»